እናታችንን ሐሙስ ከሆስፒታል ወደ ቤት ልንወስዳት ነው፤ ምን እናዘጋጅ?

የኮልፌዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የት እንደምጠይቅ ግራ ስለገባኝ ነው እዚህ የምጽፈው። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ መልሱልኝ።

እማዬ 58 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ነው ያለባት። ቀዶ ሕክምናም ተደረገላት፣ ኬሞም ወሰደች፤ አንድ ዓመት ያህል ደህና ሆና ነበር። አሁን ግን ተመልሶ አጥንቷና ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል። ደረቷ ላይም አልድን ያለ ቁስል አለ። ትናንት ዶክተሩ ወንድሜንና እኔን ኮሪደር ላይ ጠርተው «ከዚህ በኋላ ሕክምናው አይጠቅማትም፤ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት» አሉን። ሐሙስ ትወጣለች። ሌላ የነገሩን ነገር የለም።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቤት ያለነው እኔ፣ ወንድሜና ትንሿ እህታችን ነን። እሷ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ታላቅ እህታችን ዱባይ ነው የምትሠራው።

የጨነቀኝን እንደመጣልኝ ልጻፈው። ሌሊት ሌሊት ሕመሙ ይብስባታል። እዚህ መርፌ ይወጓታል፤ ቤት ስንሄድስ? ዶክተሩ የሚጠጣ ሞርፊን እናዝላታለን ብለው ነበር። ወንድሜ ግን «ሞርፊን ሰው ሊሞት ሲል የሚሰጥ ነው፣ ሱስም ያስይዛል» ብሎ እምቢ አለ። አጎታችን ጸበል እንውሰዳት ይላል። የዱባይዋ እህቴ በየቀኑ እየደወለች «ካልበላች ጉሉኮስ አስደርጉላት» ትለናለች። እውነትም ምግብ ትታለች። በቀን ሁለት ሦስት ማንኪያ አጥሚት ብትወስድ ነው። ቁስሉ ሽታ አለው። እሷም ስለምታውቀው ሰው ሲጠጋት ፊቷን ታዞራለች። ይሄ አንጀቴን ይበላዋል።

ከሁሉም የከበደኝ ደግሞ እስካሁን አልነገርናትም። «መቼ ነው የሚሻለኝ?» ስትለኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ምን ልበላት?

ሲስተር ቤት ለቤት፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በጠና የታመሙ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ በመንከባከብ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ወንድምሽም ያንብበው።

«ሕክምናው አይጠቅማትም» የተባለው ካንሰሩን ለማጥፋት የሚሰጠው ሕክምና ነው። የሕመማቸው፣ የትንፋሻቸው፣ የቁስላቸው፣ የጭንቀታቸው ሕክምና ግን አላለቀም። እንዲያውም ዋናው ሥራ አሁን ነው። ፓሊዬቲቭ ኬር የሚባለው ይኸው ነው። ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ መመሪያ አውጥቶለታል። ስለዚህ ስትጠይቂ ውለታ የምትለምኚ አይምሰልሽ። በሥርዓት የሚሰጥ ሕክምና ነው የምትጠይቂው።

አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሺ ይህን አስታውሺ፦ የሕመም ማስታገሻው እጃችሁ ሳይገባ ሐሙስ ከግቢው አትውጡ። «ነገ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ» ቢሏችሁም አትውጡ። ሞርፊን ሰፈር ካለ ፋርማሲ ሁሉ አይገኝም። ልዩ ማዘዣ ይፈልጋል፣ የሚገኘውም በተወሰኑ ቦታዎች ነው። እኔ ያየኋቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ የሚሰበሩት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። በሽተኛው ይጮሃል፣ መድኃኒት የለም፣ ታክሲ የለም፤ ሲነጋ ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ነው። ያን ሌሊት ካለፋችሁት ቀሪውን ትችሉታላችሁ።

አሁን ለወንድምሽ ብዬ ልጻፍ። ወንድሜ፣ ፍርሃትህ የብዙ ሰው ፍርሃት ነው። ዶክተሮችም ዘንድ አለ። ነገር ግን ለካንሰር ሕመም በትክክለኛው መጠን የተሰጠ ሞርፊን ሰው አይገድልም። ሰዉ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ስለሚጀመር ነው። ዛሬ ጀምሮ ነገ የሞተ ሰው ያየ ሁሉ «ሞርፊኑ ነው» ይላል። ቀደም ብለው የጀመሩ ግን ወራት ሲወስዱት፣ ተነስተው ቡና ሲያፈሉ አይቻለሁ። ሱስ ያልከውም ለደስታ ብሎ የሚወስደው ሰው ነገር ነው። እናትህ የሚወስዱት አጥንታቸው ስለሚያማቸው ነው። ኡጋንዳን ተመልከት። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 እ.ኤ.አ. እዚያ ሆስፒስ (በጠና የታመሙ ሰዎችን የሚንከባከብ ድርጅት) ሲያቋቁሙ የሞርፊን ዱቄት በውሃ በጥብጦ ለድሃው ቤት ማድረስን ሥራቸው አደረጉት። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በሙያው የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው እንዲያዙት ሕጉ ፈቅዶላቸዋል። በዓለም ዙሪያ ይህን እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውስጥ የሚያገኙት ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እናትህ ደጃፉ ላይ ደርሰዋል፤ አታስመልሳቸው።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ፈሳሹ ሞርፊን የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ በሰዓቱ ይሰጣል። እኔ ለቤተሰብ የምነግረው በእኛ ሰዓት 12፣ 4፣ 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4 ብዬ ነው። የማታ 4ቱን ብዙ ጊዜ እጥፍ አድርገን እናዛለን፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንም እንዳይቀሰቀስ ነው። በመሃል ሕመሙ ፈንቅሎ ከወጣ የሚጨመር መጠን አለ። ስንት ሚሊሊትር እንደሆነ፣ ጨምራችሁ ምን ያህል ጊዜ መስጠት እንደምትችሉ ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ጠርሙሱ ላይ በአንድ ሚሊሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ አንብቢ። መጠኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ የሚያሳስተውም ይሄ ነው። በማንኪያ አትስጡ፤ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ለኩ። ኩላሊታቸው ችግር ካለበትም ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክለዋል፤ ጠይቂ።

መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንቀላፋሉ። እንቅልፍ አጥተው የከረሙ ሰው ናቸውና አትደንግጡ። ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል፤ እሱም ይተዋል። የማይተወው የሆድ ድርቀቱ ነው። ሞርፊን ከታዘዘ ማለስለሻም አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ለምሳሌ ቢሳኮዲል። ካልታዘዘ «ማለስለሻውስ?» በይ። ተልባና ፓፓያ ብቻቸውን አይበቁም። በሕመም ሳይሆን በድርቀት የሚሰቃይ በሽተኛ ስንቱን አይቻለሁ።

ቁስሉን በተመለከተ፣ እባክሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሽታው ይቀንሳል። አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ ቁስሉን በቀስታ እጠቢው፤ አትፈትጊው። ከዚያ የሜትሮኒዳዞል ክኒን በደንብ አድቅቀሽ ቁስሉ ላይ ነስንሽ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ሽታውን የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጡን ታዪዋለሽ። ፋሻ ከተወደደባችሁ ያረጀ ነጠላ ቆራርጠሽ፣ ቀቅለሽ፣ በካውያ ተኩሰሽ ተጠቀሚ። ቁስሉ ሲቀየር እንዳያማቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ሞርፊናቸውን ይውሰዱ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽታውን ለመሸፈን ብላችሁ እጣን አታጭሱ። ሳንባቸው ስለተነካ ጭሱ ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። መስኮት ክፈቱ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው በትራስ ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጧቸውና ፊታቸው ላይ በማራገቢያ ንፋስ ስጧቸው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ሞርፊኑም ራሱ የትንፋሽ ጭንቀቱን ያስታግሳል።

ምግቡን በተመለከተ ለዱባይዋ እህታችሁ ይህን ላኪላት። እናትሽ እየሞቱ ያሉት ስላልበሉ አይደለም። ሰውነታቸው በበሽታው ምክንያት እየደከመ ስለሆነ ነው የማይበሉት። በጉሉኮስ አይመለስም። መጨረሻው ሲቃረብ የሚገባው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ እግር ያሳብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ትንፋሻቸውን ያከብደዋል። ደስ ያላቸውን በጥቂቱ ስጧቸው። አንድ ጉርሻ ከፈለጉ አንድ ጉርሻ። ካልፈለጉ አትለምኗቸው፣ አታስጨንቋቸውም። ዋናው አፋቸው አይድረቅ። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን ቶሎ ቶሎ አርጥቡ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቡ። ለእህትሽም ሥራ ስጪያት። በስልክ ታዋራቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «መቼ ነው የሚሻለኝ?» ለሚለው ውሸት አትመልሺ። ግን እውነቱን በአንድ ጊዜ ማፍሰስም የለብሽም። መልሰሽ ጠይቂያቸው፦ «አንቺ ምን ይመስልሻል እማዬ? ምንድን ነው የሚያሳስብሽ?» ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። በእኔ ልምድ አብዛኞቹ በሽተኞች ያውቁታል። ልጆቻቸው እንዳይደነግጡ ብለው እነሱም ይደብቃሉ። እናት ከልጅ፣ ልጅ ከእናት ሲደባበቁ ጊዜው ያልቃል። መናገር የሚፈልጉት ነገር ይኖራል። የሚያስታርቁት፣ የሚናዘዙት፣ አደራ የሚሉት። የተፈታኟ ልጃቸው ነገር ምን ያህል እንደሚከነክናቸው አስቢው። ሐኪሙንም እሮብ ዕለት ያዙት። ኮሪደር ላይ ሳይሆን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ይጠይቋቸው። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በመጨረሻም የሚደወልለት ሰው ያዙ። ሆስፒታሉ የፓሊዬቲቭ ቡድን ካለው አገናኙን በሉ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅትም አለ፤ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ እንዲህ ያሉ በሽተኞችን ይንከባከባሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቋቸው።

የመንዝ ልጅ፦

ሲስተር ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ አባቴን ይዤ ገጠር ነው የገባሁት፤ ጉበቱ ነበር፣ ሆዱም ውሃ ይቋጥር ነበር። ስለ መንገዱና ስለ ጸበሉ ልጨምርልሽ።

መጀመሪያ መንገዱ። ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ሞርፊኗን ትውሰድ። እኛ አንድ ጠና ያለች ነርስ ነግራን ነው እንጂ በዚያ መንገድ አንደርስም ነበር። ላዳ አትያዙ። ሚኒባስ ኮንትራት ያዙና የኋላውን ወንበር አስተኝታችሁ ፍራሽ አንጥፉበት። አራተኛ ፎቅ የምትወጡት ደግሞ በጠንካራ ባለመደገፊያ ወንበር ነው። ሁለት ሰው ከላይ፣ ሁለት ሰው ከታች። በየፎቁ አሳርፏት። አጥንቷ ውስጥ ስለገባ በብብቷ ይዛችሁ እንዳታነሷት። አንሶላ ከሥሯ አስገብታችሁ በአንሶላው አንሷት። አልጋዋ ላይም እንደዚያው።

የብሎካችሁን ልጆች ከአሁኑ ንገሯቸው። ሰው በዚህ ጊዜ እምቢ አይልም።

ጸበሉን በተመለከተ አጎትሽን አትጣሉት። አባቴ ጸበል ይጠጣ ነበር፣ ይረጭም ነበር። የንስሐ አባቱ መጥተው ቀንዲል ተደረገለት፣ ቆረበም። መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላቋረጥንም። ቄሱን በግልጽ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ መድኃኒቱንም ያዋቂውንም እጅ የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ አታስቁመው» አሉኝ። እናትሽን ሩቅ ጸበል ቦታ ተሸክሞ መውሰድ አሁን ስቃይ ነው። ጸበሉ ቤት ይምጣ። አጎትሽ ራሱ ያምጣው፤ የሱም ልብ ያርፋል። ጾም ነው ብላችሁም ወተትና መረቅ እንዳትከለክሏት፤ ለበሽተኛ ጾም የለባትም፤ ካመነታች የንስሐ አባቷ ራሳቸው ይንገሯት።

ሌላው፣ የት መቀበር እንደምትፈልግ ጠይቋት። የሚከብድ ይመስላል። አባቴ ግን ራሱ ነው ያነሳው፤ «አባቴ አጠገብ» አለ፣ በቃ። ብዙ ቤተሰብ በሽተኛውን አጣድፎ ወደ ትውልድ ቦታው የሚወስደው አስከሬን ማጓጓዝ ስለሚወደድ ነው፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ግን መድኃኒት የሌለበት ቦታ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለሳምንታት የሚበቃ ሞርፊን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ አካባቢ ጤና ጣቢያው ሞርፊን አልነበረውም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ግን እየመጣች ቁስሉን ታይልን ነበር፤ እግዜር ይስጣት።

ሻርጃ ያለሁት፦

ለዱባይዋ እህት ነው የምጽፈው። አንብቢልኝ በያት።

እህቴ፣ ገንዘብ እየላክሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እናትሽን ለማየት የምትመጪ ከሆነ ግን አሁን ነይ። ለቀብር ልትከፍይው የነበረውን ቲኬት አሁን ክፈይው። የሐኪም ወረቀቱን አስልከሽ ለአሠሪሽ አሳይ፣ ፈቃድ ጠይቂ። እንቢ ካሉሽ ደግሞ በየቀኑ በቪዲዮ አዋሪያት። እናቴ ስትታመም አገር ቤት ያሉት እንዳልደነግጥ ብለው «ደህና ናት» ሲሉኝ ቆዩ። መርዶው በሰው በኩል መጣልኝ። አገር ቤት ያላችሁም፣ ውጭ ያለ ሰው ይደነግጣል ብላችሁ አትደብቁ። ያለንበት ቦታ ሆኖ ሳያውቁ መቅረት በጣም ይከብዳል።

ገንዘቡ ደግሞ ለጉሉኮስ አይሁን። ማታ ማታ እየመጣች የምታግዝ ሰው ቅጠሪላቸው። ልጆቹ ይተኙ። በተለይ ተፈታኟ።

የኮልፌዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለወንድሜ የሲስተርን መልስ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ሐኪሙን ራሴ እጠይቃቸዋለሁ» አለ። ትናንት ጠዋት ገብቶ ጠየቀ። ሞርፊኑም ማለስለሻውም ታዘዘ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ወስደን ይዘነዋል። እዚሁ ትናንት ማታ ጀመሩላት፣ ዛሬ ሲነጋ እስከ 3 ሰዓት ተኛች።

እማዬንም እንዳልሽኝ ጠየቅኳት። «አውቄዋለሁ ልጄ፤ እናንተን ነው የፈራሁት» አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ደግሞ ወዲያው ስለ ቤቱ አነሳች። ኮንዶሚኒየሙ በሷ ስም ነው። ትንሿ ልጅ እንዳትጎዳ በቃሏ ለእኛ ብትናገር ይበቃል ወይ? ሲስተር፣ ደግሞ መጨረሻው ሲደርስ ምን እንደምናይ ብትነግሪኝ። ሳላውቅ እንዳልደነግጥ።

የፍርድ ቤት ሰው፦

በቃል አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቃል የሚደረግ ኑዛዜን የሚቀበለው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው። ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳጊ፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች። ቤት በቃል አይተላለፍም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚባለውን አድርጉ። ሌላ ሰው ቢጽፈውም ችግር የለውም፤ እናትሽ ይናገሩ፣ ይጻፍ። ከዚያ እሳቸውና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበብ። መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይገለጽ፣ እሳቸውና ምስክሮቹ እዚያው ይፈርሙ። «ተነቧል» የሚለው ሳይጻፍ ቀርቶ የፈረሰ ኑዛዜ ስንት ነው መሰለሽ። ቤቱ የሚደርሰው ሰው ምስክር አይሁን። ምንም ኑዛዜ ባይኖር ልጆች እኩል ነው የሚወርሱት፤ ሐሳባቸው እሱ ከሆነ ኑዛዜም ላያስፈልግ ይችላል። በሞርፊን እንቅልፍ ውስጥ ሳሉ ሳይሆን ነቃ ባሉበት ሰዓት ይደረግ። ባንክ ያለውን ደግሞ በውክልና ልታወጡ ካሰባችሁ፣ ውክልና ሰጪው ሲያርፍ ውክልናው እንደሚያበቃ እወቁ።

ሲስተር ቤት ለቤት፦

እስከ 3 ሰዓት መተኛታቸውን ሳነብ ደስ አለኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ የሚያስቸኩል ነገር ላስጠንቅቅሽ። ጀርባቸውን አዲስ ሕመም ካመማቸው፣ እግራቸው ድንገት ከከዳቸው፣ ሽንት መሽናት ካቃታቸው ያኔ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያቸው። ካንሰሩ የጀርባ አጥንት ውስጥ ሲገባ ነርቩን ሊጫነው ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት እግራቸውን ማትረፍ ይቻላል።

አልጋቸውን ጓዳ አታድርጉት። ሳሎን፣ መስኮት አጠገብ ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ገልብጡ። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጉ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሲመጣ ለቁስሉ የሚሆነውን ለይታችሁ አፍልታችሁ አስቀምጡ። ጠያቂ ይበዛል፤ የእኛ ሰው ነው፣ ይመጣል። አንድ ሰው በር ላይ ሆኖ ይቀበል። እናትሽ ማን እንዲገባ እንደሚፈልጉ እሳቸው ይምረጡ። እያለቀሰ የሚገባውን ውጭ ያረጋጉት።

መጨረሻው ሲቀርብ ቀኑን ሙሉ መተኛት ይጀምራሉ። መዋጥ ያቅታቸዋል። እጅና እግራቸው ይቀዘቅዛል፣ ጉልበታቸው አካባቢ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ጉሮሯቸው ሊንኮራኮር ይችላል። ለሰሚው ያስፈራል፣ እሳቸውን ግን የሚያስጨንቃቸው አይመስልም። በጎናቸው አስተኟቸው። በዚህ ሰዓት ውሃ በግድ አታጠጡ፤ ይታነቃሉ። ሞርፊኑን ግን ስላንቀላፉ ብላችሁ አታቋርጡ። ፈሳሹ በጉንጫቸው በኩል በጥቂት በጥቂቱ ሊሰጥ ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ የምታያችሁ ነርስ ታሳያችኋለች። አዋሩዋቸው። መስማት እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላልና ጸሎቱም ጨዋታውም አይቅር። ተፈታኟንም «ታነብባለች» ብላችሁ አታርቋት። ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ትቀመጥ፤ ከፈለገች።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ተስማሙ፣ ሦስታችሁም፣ አጎታችሁም፣ የዱባይዋም። የመጨረሻዋ ሌሊት ስትመጣ አንዱ ደንግጦ «ሆስፒታል እንውሰዳት» ይላል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይላል። ከአራተኛ ፎቅ አውርዳችሁ፣ በአምቡላንስ አድርሳችሁ፣ ድንገተኛ ክፍል በራፍ ላይ እንዲያርፉ አትፈልጉም። እናትሽ ነቃ ብለው ሳሉ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ቤት መሆን እፈልጋለሁ ካሉ፣ ቃላቸውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ምረጡ። ወንድምሽ ቢሆን ጥሩ ነው። ሐኪሙን እንደጠየቀው ይህንንም ይችለዋል።

ሲያርፉ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ስንብታችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ ለንስሐ አባትና ለእድር ዳኛ ትደውላላችሁ። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ላይ መመዝገብ አለበት። ለውርሱም፣ ለባንኩም፣ ለሁሉም የሚጠየቀው ያ ምስክር ወረቀት ስለሆነ የእድሩ ሰዎች እንዲያስታውሷችሁ አድርጉ። የመውጫ ወረቀቱን ኦሪጅናል ለማንም አትስጡ።

የተረፈ ሞርፊን ካለ ለጎረቤት እንዳትሰጡ። እሳቸውን የረዳ መጠን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ወደወሰዳችሁበት መድኃኒት ቤት መልሱት። እስከዚያው ቆልፋችሁ አስቀምጡት፤ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን፣ ወንድምሽም ቦታውን ይወቅ።